ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር፤ የአንድ ርቀትና የበረራ ጊዜው ታሪክ

ርቀትን መጠየቅ ቀላል ነው፤ መመለስ ግን እንደ መጠየቁ አይቀልም። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አውሮፕላን ነጂው 55 የባሕር ማይል ነው ይላል። የከባድ መኪና ሾፌሩ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን በማይልም በኪሎ ሜትርም አይመልስም ነበር፤ «የዚህን ያህል ቀን መንገድ ነው» ብሎ፣ ወዲያውም ወራቱ ክረምት ነው ወይስ በጋ፣ አጋሰሱ ባዶውን ነው ወይስ ተጭኗል ሲል መልሶ ይጠይቅ ነበር። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዳቸው የለኩት የተለየ ነገር በመሆኑ ነው።

በሁለቱ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የተዘረጋው ቀጥተኛ መሥመር ከጥንት ጀምሮ አልረዘመም፤ አላጠረምም። የተለዋወጠው መሥመሩን ለመሻገር የሚያስፈልገው ጊዜ፣ የሚወጣው ወጪና የሚያጋጥመው አደጋ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የተፈጥሮ ብቻ ሳይሆኑ የሰው ሥራ ውጤቶች ናቸው። ስለሆነም የዚህ አጭር መሥመር ታሪክ፣ መንገድ ለሚቀይሰውም ሆነ የመንደርደሪያ ሜዳ ለሚያነጥፈው መሐንዲስ ከርዝመቱ የበለጠ ትምህርት አለው።

ምዕራፍ ከማረፊያ በፊት

በአገራችን የአገር አቋራጭ ርቀት ለረዥም ዘመን የሚለካው በጊዜ ነበር። ክንድና ስንዝር ለሸማና ለግንብ ያገለግሉ ነበር እንጂ ለመንገድ አይበቁም ነበር። መንገደኛ የሚቆጥረው ቀንን ነው፤ ቀኑንም የሚከፋፍለው ውኃና ሣር በሚገኝበት፣ ሌሊቱም ያለ ስጋት በሚታደርበት ስፍራ ነው። ምዕራፍ የሚለው የግዕዝ ቃል ዛሬ የመጽሐፍ ክፍል መጠሪያ ሆኖ ቢታወቅም፣ ዐረፈ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና ጥንተ ትርጉሙ የሚያርፉበት ቦታ ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚለው የዘመናችን ስያሜም የተወለደው ከዚያው ግሥ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ በቅሎው ተለወጠ ማለት ይቻላል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) ጎንደርን መናገሻ አድርገው ከቆረቆሩ በኋላ፣ ከጎጃም ወደ ከተማይቱ የሚወጣ ሁሉ ፊት ለፊት የሚገጥመው ጣና ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። መንገደኛው ያለው ምርጫ በምሥራቅ በኩል በፎገራ ሜዳ አድርጎ መዞር፣ ወይም በምዕራቡ ዳርቻ መሄድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ጥቅምት ላይ ከጎንደር ተነሥቶ የዓባይ ምንጭ ወደሆነው ግሽ ዓባይ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል።

ለንጽጽር ያህል ስሌቱን በዛሬው መንገድ ላይ ማድረግ ይቻላል። በደህና በቅሎ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው 180 ኪሎ ሜትሩን በ6 ቀን ይጨርሰዋል። ጭነት ከያዙ አህዮች ጋር በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጋዴ ግን 9 ቀን ያስፈልገዋል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ርቀቱ በጭነት ብቻ በእኩሌታ ያህል ጨመረ ማለት ነው።

በሐይቁ ላይ የሚሄደው ቀጥተኛ መንገድስ አልነበረም ወይ? ነበረ። በጣና ዳርና በደሴቶቹ የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይም ነገደ ወይጦዎች፣ ከደንገል በሚያስሩት ታንኳ ሰውንም እንጨትንም እህልንም ሲያጓጉዙ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳውም ከጉዞ በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበል ሲበረታ ደግሞ መካከለኛውን ውኃ መድፈር ከሕይወት ጋር መጫወት ነው። ስለዚህ ታንከኛው ቀጥተኛውን መሥመር ትቶ ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፤ ማታም ታንኳውን አስጠግቶ ያድራል። አጭሩ መንገድ በዓይን ይታይ ነበር፤ ነገር ግን የሚሄድበት መሣሪያ ገና አልተገኘለትም ነበር።

ርቀት በሚሸከሙት ነገር ክብደት መጠን እንደሚለወጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ እስከ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868) ገደሉን እያስፈለጡ፣ መንገዱንም እያስጠረጉ ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተጉዘዋል። ዛሬ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በእኚሁ ንጉሥ ስም ነው። ስሙ የተሰጠው ለመታሰቢያ ቢሆንም፣ ለመሐንዲስ ግን ሌላ ነገርም ያስታውሰዋል። ቴዎድሮስ የመንገድ ሥራ የመንግሥት ሥራ መሆኑን አስቀድመው ከተረዱት የአገሪቱ መሪዎች አንዱ ነበሩ።

የሐይቁን ዙሪያ ተከትሎ

የኢጣልያ ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ፣ በሐይቁ ላይ በሞተር የሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ተሰማሩ፤ ጎርጎራም የሰሜኑ ወደብ ሆነች። በአዘዞ ሜዳም የጦር አውሮፕላኖች ይነሡና ያርፉ ጀመር። ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ በምሥራቅ አፍሪቃ የኢጣልያ ጦር የመጨረሻ ይዞታ ሆና ስለቆየች፣ በዚያ ሰማይ ላይ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች የታወቁት ለመንገደኛ ማመላለሻነት ሳይሆን ለጦርነት ነበር።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች በእርሱ ኃላፊነት ይጠገኑና ይሠሩ ጀመር። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ፣ ዓባይን በድልድይ ከተሻገረ በኋላ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኚት አድርጎ አዘዞ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ላይ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ይታለፋሉ። እነዚህ ወንዞች በበጋ ሲታዩ የዋሆች ናቸው። በክረምት ግን ከበጌምድር ተራሮች አፈር እየጠረጉ ወርደው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ ሜዳውም ራሱ ሐይቅ ይመስላል።

ከዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመንገዱ ርዝመት 180 ኪሎ ሜትር፣ የአየሩ መሥመር ደግሞ 101 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.8 ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ በመኪና የሚሄድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ግቡ ለመቅረብ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ይጓዛል። ሜዳማ በሆነ አገር ይህ ቁጥር ከአንድ እምብዛም አይርቅም። በእኛ አገር ግን ገደልና ሸለቆ፣ በዚህ ስፍራ ደግሞ ውኃ፣ መንገድን ያስዞራል። አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ገና ከጅምሩ ተፈላጊ የሆነበት ዋናው ምክንያት ከፍጥነቱ በፊት ይህ ቀጥተኛነቱ ነው።

የአየሩ መሥመር አጀማመር

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929) ከጂቡቲ የተነሣው ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ ባረፈ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ የበረራ ታሪክ ተጀመረ። የንግድ በረራ ግን ጦርነቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 የሚባሉ፣ በመንገደኛ ማመላለሻነታቸው ደግሞ ዲሲ-3 ተብለው የሚታወቁ ነበሩ። ሥራውን በማደራጀት ረገድ የአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ በውል ተባባሪ ነበር።

ዲሲ-3 ለአገሪቱ የተሠራ ያህል ተስማሚ ነበር። ሁለት ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣሉ፤ መንኮራኩሮቹ ሰፋፊ ስለሆኑ በሣርም በጠጠርም ሜዳ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገደኞች በግራና በቀኝ ግድግዳ በተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡ ነበር፤ በመካከላቸው ጭነቱ ይከመራል። ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ጣቢያዎች ጥርጊያ ሜዳዎች ስለነበሩ፣ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት የሚግጡት ከብቶች መባረር ነበረባቸው። የክረምት ዝናብ ሲበረታም ሜዳው ይረጥብና በረራው ይቋረጣል። ላሊበላን የመሰለ ስመ ጥር ስፍራ እንኳ ለብዙ ዓመታት በአየር የሚደረስበት በበጋ ብቻ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት ባሕር ዳር በፍጥነት ማደግ ጀመረች። በኢጣልያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ፋብሪካ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል፤ ማመንጫ ባለሙያ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ቀን ቆጥረው በሚደርሱበት አገር ሥራ ይቆማል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን፣ አክሱምንና አሥመራን የሚያያይዘው የጉብኝት መሥመር «ታሪካዊው ጉዞ» እየተባለ ይታወቅ ጀመር። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ የመሥመሩ ዝና ከፍ አለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው ዘለበት ከሁሉም አጭሩ ነው።

ሃምሳ አምስት ደቂቃ

የሁለቱን ማረፊያዎች ርቀት ለማወቅ ካርታና እርሳስ ይበቃሉ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ የጎንደሩ ደግሞ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ 55 ደቂቃ ነው። በኬንትሮስ ደግሞ አንደኛው 37 ዲግሪ ከ19፣ ሌላው 37 ዲግሪ ከ26 ላይ ስለሆኑ የሚለያዩት በ7 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ መሥመሩ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው።

የባሕር ማይል የተባለው መለኪያ ከመሠረቱ የተወሰደው ከምድር ክብ አንዲት ደቂቃ በመሆኑና ርዝመቱም 1,852 ሜትር ስለሆነ፣ 55 ደቂቃ ማለት 55 የባሕር ማይል ማለት ይሆናል። ወደ ኪሎ ሜትር ሲመለስ ከ101 እስከ 102 ይደርሳል። ምድር ክብ ናትና ቀጥታው መሥመር መጠምዘዝ አለበት የሚለው የረዥም በረራ ጥያቄ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ቁም ነገር የለውም።

በአማርኛ ደቂቃ የሚለው ቃል ለማዕዘንም ለሰዓትም አንድ መሆኑ እዚህ ላይ ደስ የሚል መገጣጠም ይፈጥራል። በሰዓት 60 የባሕር ማይል የሚበር አዝጋሚ አውሮፕላን ቢኖር፣ የማዕዘኑን 55 ደቂቃ በትክክል በ55 የሰዓት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። በቀን ይለካ የነበረው ርቀት፣ በካርታ ላይ ወደ ማዕዘን ተለውጦ፣ በነጂው መዝገብ ላይ ደግሞ ተመልሶ ጊዜ ሆነ ማለት ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲበረር ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚያልፈው በውኃ ላይ ነው። ደቅ ደሴት በግራ በኩል ይቀራል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የባሕር ዳር ማረፊያ 1,821፣ የጎንደሩ 1,994 ሜትር ላይ ናቸው። እንግዲህ ታንከኛው ሊደፍረው ያልቻለው መካከለኛ ውኃ ለአውሮፕላን የጉዞው ለጥ ያለ ክፍል ሆነ። ከሰሜኑ ዳርቻ በኋላ ምድሩ ወደ አዘዞ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ የወገራ ደጋና የሰሜን ተራሮች ተደርድረው ይቆማሉ። የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ፍጥነት ሲጨምር ጊዜ ለምን አብሮ አይቀንስም?

ብዙ ሰው የአውሮፕላኑ ፍጥነት በእጥፍ ካደገ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። በረዥም መንገድ ይህ ከእውነት አይርቅም። በአጭር መንገድ ግን ስሕተት ነው።

የበረራ ጊዜ ሲባል በመርሐ ግብር የሚጻፈው፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ በሌላው ጣቢያ መንኮራኩሩ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ከሁለት ክፍሎች ይደመራል። አንደኛው ወደ መንደርደሪያው መሄድን፣ መነሣትን፣ ከፍታ መያዝን፣ ዝቅ ብሎ መዞርን፣ ማረፍንና ወደ ማቆሚያ መመለስን የሚያጠቃልል ቋሚ ክፍል ነው፤ ይህ በርቀት ብዛት እምብዛም አይለወጥም። ሁለተኛው ርቀቱ ለፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ቋሚው ክፍል 14 ደቂቃ ይሁን እንበል። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ዲሲ-3 መንገዱን በ22 ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሚጨርሰው፣ ድምሩ 37 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደኋላ የተሰማራው ፎከር 50 በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር ሲበር 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ድምሩ 27 ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መሥመር የገባው ቦምባርዲየር ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለሚችል፣ በስሌት ከ10 ደቂቃ በታች ይበቃዋል፤ ድምሩ 23 ደቂቃ ነው። ፍጥነት 2.4 ጊዜ ሲያድግ፣ የተገኘው ትርፍ 14 ደቂቃ ብቻ ሆነ። እንዲያውም በዚህ አጭር መንገድ አዲሱ አውሮፕላን ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ መውረድ ይጀምራል።

ይኸው ስሌት ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ላለው 419 ኪሎ ሜትር የአየር መሥመር ቢደረግ፣ ዲሲ-3 107፣ ኪው 400 ደግሞ 53 ደቂቃ ያህል ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ጊዜው በግማሽ ቀነሰ። ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ፣ ፈጣን አውሮፕላን ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለረዥሙ መንገድ ነው የሚል ነው። ለአጭሩ መንገድ የሚጠቅመው የምድሩ ሥራ መቀላጠፍ ነው፤ የማቆሚያው ቅርበት፣ የመንገደኛው አቀባበል፣ የሻንጣው አወጣጥ። ለሞተር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለሕንጻው አደረጃጀት ቢውል፣ በመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሚገኘው ጊዜ ይበልጣል።

ከፍታ፣ ሙቀትና ወፍ

የበረራው ጊዜ የሚወሰነው በሰማይ ብቻ አይደለም። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ16 ከመቶ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ክንፍን የሚያነሣውም፣ ሞተርን የሚመግበውም በዚያው መጠን ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት በምድር ላይ የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠ ፍጥነት ለመያዝም የበለጠ ሜዳ ይፈልጋል።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የንድፍ መመሪያ፣ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመንደርደሪያው ርዝመት በ7 ከመቶ እንዲጨመር ያዛል። በባሕር ጠለል 1,500 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን፣ ባሕር ዳር ላይ በከፍታ ምክንያት ብቻ ከ2,100 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ሙቀቱ ለዚያ ከፍታ ከተወሰነው መደበኛ ልክ በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር ደግሞ አንድ ከመቶ ይታከላል። በሞቃት ቀን ትርፉ 20 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ርዝመቱ ወደ 2,560 ሜትር ይወጣል። ቁልቁለትና ዳገት ገና አልተቆጠሩም። በደጋ አገር የሚሠራ የማረፊያ ሜዳ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፍታውን የሚከፍለው መሬቱ ነው።

በቁጥር የማይገባም አደጋ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) 104 ሰዎች ያሳፈረ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ነጂዎቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ፤ አውሮፕላኑም መንኮራኩሩን ሳይዘረጋ ከሜዳ ላይ ወርዶ ተቃጠለ። 35 ሰዎች ሞቱ። ሐይቅ ባለበት ወፍ አለ፤ እህል ባለበትም ርግብ አለ። ማረፊያን ከውኃ ዳር የሚያቅድ መሐንዲስ የአፈሩን ጥንካሬና የነፋሱን አቅጣጫ ሲመረምር፣ ሣሩን፣ ቆሻሻ መጣያውንና በዙሪያው የሚዘራውን እህል ጭምር በጥናቱ ማካተት እንዳለበት ይህ አደጋ በደም የጻፈው ትምህርት ነው።

ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

የጠጠሩ መንገድ በአስፋልት ከተተካና ድልድዮቹ ከታደሱ ወዲህ ከባሕር ዳር ጎንደር በደህና ቀን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአውሮፕላን የሚሄደውስ? ከቤት እስከ ማረፊያው 20 ደቂቃ፣ ለምዝገባና ለፍተሻ አንድ ሰዓት፣ ለበረራው 25፣ ሻንጣ ለመቀበል 20፣ ከአዘዞ ጎንደር ከተማ ለመግባት 30 ደቂቃ እንበል። ድምሩ ሁለት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሡት አውሮፕላኖች እያንዳንዱን ከተማ በቀጥታ የሚያዳርሱ እየሆኑ በመጡበት ዘመን፣ ለ25 ደቂቃ ትርፍ ብቻ በሁለቱ መካከል አውሮፕላን ማመላለስ አይገባም የሚል ሰው ሐሳቡ ሚዛን ይደፋል። መንገድ ሲሻሻል አጭር በረራ መመናመኑ ውድቀት አይደለም፤ የአንዱ መሐንዲስ ሥራ የሌላውን ሸክም አቀለለ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ለአገልግሎት የበቃው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ይህንኑ የምድር መንገድ ያጠናከረ ሥራ ነው።

ነገር ግን ሦስት ሰዓት የሚባለው የደህና ቀን ልክ ነው። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ ወደ ሁለቱም ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ግጭት ሲነሣ ወደ አካባቢው የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠው ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የመኪናውም መንገድ እንደ ወትሮው አይሄዱበትም። ቀጥታ መሥመሩ ያው 101 ኪሎ ሜትር ተኩል ሆኖ ሳለ፣ ለሕመምተኛ፣ መድኃኒት ለሚጠብቅ ሆስፒታልና ቤተሰቡን ለሚፈልግ ሰው ርቀቱ መለኪያ ያጣል። የጥንቱ ነጋዴ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ርቀት የማይናገረው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚህ ላይ መሐንዲስ ከራሱ ሙያ የሚወስደው አብነት አለ። በርብ ወይም በጉማራ ላይ ድልድይ የሚነድፍ ባለሙያ፣ ወንዙን የሚለካው በጥር ወር ሲያየው ባለው መጠን አይደለም። የብዙ ዓመታት መዝገብ አገላብጦ፣ በሃምሳ ወይም በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ሊመጣ የሚችለውን ጎርፍ ይፈልጋል፤ ምሰሶውን የሚያቆመው፣ ወለሉንም የሚያነሣው በዚያ ቀን ልክ ነው። ድልድዩ በቀሩት ዓመታት ሁሉ ከሚገባው በላይ ሰፊ መስሎ ይታያል። ይህን ብክነት ነው የሚል ባለሙያ ግን የለም።

የመጓጓዣ መሥመር ሲታቀድ ግን ይህ ሥርዐት ይዘነጋል። የበረራው ጥቅም የሚሰላው በአማካዩ ቀን፣ በአማካዩ መንገደኛና በአማካዩ ዋጋ ነው። በዚያ ሚዛን ከባሕር ዳር ጎንደር የሚደረግ የ25 ደቂቃ በረራ አነስተኛ ይመስላል። በጎርፉ ቀን ሚዛን ሲመዘን ግን መንገድ የተቆረጠበትን ከተማ ከአገሩ ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ ክር ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት በየቀኑ ባዶ አውሮፕላን ይብረር ማለት አይደለም። ሜዳው በክረምትም እንዲያገለግል ሆኖ ይጠበቅ፣ የመገናኛውና የመሪ መብራቱ መሣሪያ ይጠገን፣ አነስተኛ አውሮፕላን ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚነሣበት ዝግጅት ይኑር፣ ማረፊያውም በማናቸውም ወገን ዘንድ የሕዝብ መገልገያ ተብሎ ይከበር ማለት ነው። የቀረው ዝርዝር የበጀትና የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው።

በበቅሎ ስድስት ቀን፣ በመኪና ሦስት ሰዓት፣ በአየር 25 ደቂቃ፤ ይህ የአንድ ርቀት ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባው የሚጠርግ፣ የሚነድፍና የሚጠግን ሰው ቆሞለታል። ያ ሰው እጁን በሰበሰበ ጊዜ 25 ደቂቃው ወደ ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓቱም ወደ ቀናት ተመልሶ ይሄዳል። ጣናም በመካከል እንደ ድሮው ተዘርግቶ፣ በዓይን የሚታየውን አጭር መንገድ ለማንም ሳይፈቅድ ይተኛል።